ጀርባ ሰጥቶ የሚጫን ተሳቢ

ኅዳር 24፣ ቅዳሜ

ባለፈው ሳምንት ጎንደር፣ ቅዳሜ ገበያ ጤፍ ስናስጭን አንድ ሽማግሌ ጫኝ ተሳቢዬ አጠገብ ደርሰው ቆም አሉ። ኩንታሉ ጀርባቸው ላይ ነው። ዞር ብለው ጀርባቸውን ለካሶኒው፣ ለተሳቢው የጭነት ሳጥን፣ ሰጡ። አልደረሰም። የኩንታሉ ግርጌ ከወለሉ በታች ቀረ። ሁለት ልጆች ከላይ እየጎተቱ፣ እሳቸው ከታች በጉልበታቸው እየገፉ በግድ ወጣ። ላባቸውን ጠረጉና "ልጄ፣ ይሄ ተሳቢህ የሰው ወገብ ይበላል" አሉኝ። ሌላ ነገር አልተናገሩም። ወደሚቀጥለው ኩንታል ሄዱ።

ማታ ቤት ገብቼ እሱን ሳስብ አመሸሁ። ተሳቢው የራሴ ሥራ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት ከአጎቴ ጋር ነው የሠራነው። አጎቴ ሣር የበቀለበት የድሮ ቶዮታ ፒክአፕ ሻንሲ፣ የብረት አጽሙን፣ አገኘ። ባለ ፎር ዊል ነበር። ሞተሩም ካቢናውም የለም። ሁለቱን የኋላ ጎማዎች የሚያገናኘው አክስል ግን ከነባሌስትራው፣ ሸክሙን ከሚችሉት ተደራራቢ የብረት ቅጠሎች ጋር፣ ደህና ነበር። የፊቱን ግማሽ ቆርጠን ጣልነው። የመጎተቻ ክንድ በየድንለት፤ በላዩ ቱቦላሬ ደርድረን ሳንቃ አነጠፍን። ከዚያ ወዲህ ከከተማው ወጣ ካለችው ጠዳ ጤፍና ጭድ ያመጣል። ቧንቧ ሲጠፋ የሰፈሩን ውሃ በበርሜል ያመላልሳል። ለጎረቤት አልጋና ቁም ሳጥን አዛውሯል። ስለ ጫኙ ግን አንድም ቀን አስበን አናውቅም። አክስሉ ድሮ እንደነበረ ቀረ፤ ወለሉ የደረሰበት ደረሰ።

ዛሬ ሜትር ይዤ ተመለስኩ። ሽማግሌው እዚያው ነበሩ። "አባባ፣ እስቲ አንድ ኩንታል ተሸክመው ይቁሙልኝ" አልኳቸው። ሳቅ ብለው ቆሙልኝ። ከመሬት እስከ ኩንታሉ ግርጌ 76 ሳንቲም። የእኔ ካሶኒ ወለል ባዶውን 86 ነው። አሥር ሳንቲም ይበልጣል። አንድ መቶ ኪሎ ጀርባው ላይ ላለ ሰው አሥር ሳንቲም ተራራ ነው።

እንግዲህ ግቡ ይሄ ነው። ወለሉ ከ76 በታች ይውረድ።

ኅዳር 26

ዛሬ ሦስት ጋራዥ ዞርኩ። አውቶ ፓርኮ አካባቢ ያለ አንድ ልጅ ወዲያው መፍትሔ ሰጠኝ። "ባሌስትራውን በካርቦን አሙቀን ቅስቱን እንዘረጋልሃለን፤ በአንድ ሰዓት ታልቃለህ።" ካርቦን የሚለው የጋዝ መበየጃውን ነው። ሁለተኛው "ሦስት ቅጠል አውጣለት፣ ራሱ ይወርዳል" አለኝ። ሦስተኛው ጎማውን አነስ ባለ ቀይር አለኝ።

ሦስቱንም አልተቀበልኩም። የጎማው ነገር ቀላል ይመስላል። ግን ጎማው የሚለብሰው ብረት፣ ቸርኬውም፣ ጎማውም ይቀየራል፤ ወጪው ከሁሉ ይበልጣል። የሚገኘውም ሦስት አራት ሳንቲም ነው። ቅጠል ማውጣትም አያዋጣም። ባሌስትራው የሚሸከመው በቅጠሎቹ ብዛት ነው። ሦስቱን ካወጣሁ ባዶው ዝቅ ይላል፤ ስድስት ኩንታል ሲጫንበት ግን ተጋድሞ ይቀራል። ከዚያ የቀሩት ቅጠሎች አንድ በአንድ ይሰበራሉ።

የማሞቁ ነገር ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው። ይህን ከጋራዥ ሰው ሳይሆን ከአንድ ብረት ቀጥቃጭ ነው የተረዳሁት። እኚህ አባት ዕድሜያቸውን ሁሉ ከአሮጌ ባሌስትራ መጥረቢያና ማረሻ ሲያወጡ የኖሩ ናቸው። "አያ፣ ባሌስትራ ቢሞቅ ምን ይሆናል?" አልኳቸው። ከከሰሉ ላይ ቀይ የሆነ ቁራጭ አነሱ። አንዱን ጫፍ ውሃ ውስጥ ነከሩት፤ ሌላውን አመድ ውስጥ ቀብረው ቀስ ብሎ እንዲበርድ ተዉት። ኋላ ሁለቱንም በመዶሻ መቱልኝ። ውሃ የገባው እንደ ብርጭቆ ተሰበረ። አመድ ውስጥ የበረደው ጎበጠና እንደጎበጠ ቀረ። ፋብሪካው የሰጠው ጥንካሬ መካከለኛው ነው። ይጎብጣል፤ ተመልሶ ይቃናል። በጋዝ ሲሞቅ ያ ይጠፋል። የቱ ጋ ምን እንደሆነ ደግሞ በዓይን አይታይም። መንገድ ላይ ነው የሚታወቀው።

በነገራችን ላይ ባሌስትራ፣ ቸርኬ፣ ፓራፋንጎ፣ ዳዶ፣ ብሎን የምንላቸው ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ጣሊያን ጎንደር ላይ እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። ቃላቱ ግን ጋራዡ ውስጥ ቀሩ። እኔ ደስ ይሉኛል። አባቴም አጎቴም በእነሱ ነው ሥራ ያስተማሩኝ።

ኅዳር 29

መንገዱን ቆርጫለሁ። አክስሉና ባሌስትራው ቦታ ይለዋወጣሉ።

አሁን ባሌስትራው የተቀመጠው ከአክስሉ ቱቦ በላይ ነው። ከቱቦው በታች ባዞረው ተሳቢው በሙሉ ይወርዳል። ባሌስትራውን አልነካውም፤ ያው ቅጠል፣ ያው ቅስት። ቦታው ብቻ ነው የሚቀየረው። ስንት እንደሚወርድ ለማወቅ ሦስት ነገር መደመር ይበቃል። የአክስሉ ቱቦ ውፍረት 7.6 ሳንቲም ነው። የባሌስትራው መቀመጫ ከላይ 1.2፣ አዲሱ ከታች 1.2። የባሌስትራው ቅጠሎች ተደራርበው 4.5። ድምሩ 14.5 ሳንቲም ነው። ከ86 ላይ ሲቀነስ 71.5 ይቀራል። ለአባባ ኩንታል አራት ተኩል ሳንቲም ትርፍ አለው።

ብዙ ሰው እንዲህ ሲወርድ ሆዱ መሬት ይነካል ብሎ ይፈራል። አይነካም። ከመሬት በጣም ቅርቡ ነገር ድሮም የዲፍረንሻሉ፣ አክስሉ መሃል ያለው የጥርስ ቤት፣ ሆድ ነው፤ 22 ሳንቲም። እሱ ከጎማው ጋር ስለሆነ አይንቀሳቀስም። ከባሌስትራው ሥር የሚወጣው የብሎን ጫፍ 25 ግድም ላይ ይቆያል።

ዲፍረንሻሉን ራሱን ጥርሶቹን አውጥቼ ላቅልለው ወይ ብዬ አስቤ ነበር። ተውኩት። በዚህ ዓይነት አክስል ጎማውን የያዘው ረጅሙ ዘንግ ነው። የዘንጉ ውጪኛ ጫፍ በኩሽኔታ (ዘንጉ በሚሽከረከርበት ባለ ኳስ ቀለበት)፣ የውስጠኛው ጫፍ ደግሞ በዲፍረንሻሉ ጥርስ ነው የተደገፈው። ጥርሱ ከወጣ ዘንጉ በአንድ እግሩ ቆመ ማለት ነው። ስለዚህ ከነጥርሱ፣ ከነዘይቱ ይቀመጣል። ኪሎውን እንሸከማለን።

ታኅሣሥ 1፣ ቅዳሜ

ፈታነው። ታናሽ ወንድሜ አግዞኛል። ሻንሲውን በአራት የባህር ዛፍ ጉማጅ ላይ አስቀመጥነው። ክሪክ ብቻውን አላምንም፤ ማንም ሰው ማመን የለበትም። ክሪክ ማንሻ እንጂ መቆሚያ አይደለም።

ብሎኖቹ ስድስት ዓመት ዝገት ጠጥተዋል። ከትናንት ጀምሬ የተቃጠለ ዘይትና ናፍታ ቀላቅዬ ቀብቻቸው ነበር። ሁለቱ እሺ አሉ። ስድስቱን በግራይንደር ቆረጥናቸው። ቢፈቱም ደግመን አንጠቀምባቸውም ነበር። እነዚህ የዩ ቅርጽ ብሎኖች አንዴ ሲጠብቁ ይለጠጣሉ። ተፈትተው እንደገና ሲታሰሩ የመጀመሪያውን ያህል ጨብጠው አይዙም። አክስልን ከባሌስትራ ጋር የሚይዘው ደግሞ እነሱ ብቻ ናቸው።

ባሌስትራው በሚታሰርበት ቀዳዳ ውስጥ ያሉት ጎማዎች፣ ቦኮላዎቹ፣ አልቀዋል። ጎማቸው እንደ ጠረሾ ነው የተሰነጣጠቀው። ስድስቱም ይቀየራሉ።

እናቴ ሽሮ ላከችልን። ጾም ነው። ግቢው ውስጥ ሻንሲው ላይ ተቀምጠን በላን።

ታኅሣሥ 4

አዲስ መቀመጫ። በአሥራ ሁለት ሚሊ ላሜራ አስቆረጥኩ፤ ከታች ከቱቦው ጋር እንዲገጥም በግማሽ ክብ አስበላሁት። የባሌስትራው የመሃል ብሎን ራስ የሚገባበት ቀዳዳ መሃሉ ላይ አለው። ያ ቀዳዳ ትንሽ ይመስላል። አክስሉ ወደ ፊት ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት የሚይዘው ግን እሱ ነው። በትራፓኖ ስበሳ ቀስ ብዬ ነው የሄድኩት። የብሎኑን ራስ ጭብጥ አድርጎ ይይዛል።

ብየዳውን ነገ።

ታኅሣሥ 5

የብየዳ ቀን። ሦስት ነገር ልጻፍ፤ ከእኔ ቀጥሎ የሚሠራ ሰው ቢያነበው ይጠቅመዋል።

አንደኛ፣ ዘይቱን አፍስሰን የአክስሉን መተንፈሻ ከፈትነው። የተዘጋ ቱቦ ውስጥ የዘይት እንፋሎት ሲግል አደጋ ነው። ሁለተኛ፣ የማሽኑን የመሬት ገመድ የነከስነው እዚያው ቱቦው ላይ፣ ከብየዳው አንድ ስንዝር ርቆ ነው። ጎማው ወይም ቸርኬው ላይ ቢታሰር ኤሌክትሪኩ በኩሽኔታው ውስጥ ያልፋል። በማለፉ ኳሶቹን ነካክቶ ያቆስላቸዋል። ያኔ አይታይም፤ ከወር በኋላ ይጮኻል። ሦስተኛ፣ በአንድ ትንፋሽ አልበየድንም። ሁለት ሳንቲም እዚህ፣ ሁለት ሳንቲም በሌላው ጎን፣ ከዚያ ወደ ሌላኛው መቀመጫ። እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ እንጠብቃለን። ቱቦው በአንድ ወገን ብቻ ከጋለ ሲበርድ ይጎብጣል። የጎበጠ አክስል ደግሞ ጎማ ይበላል።

በያጁ ጓደኛዬ መጀመሪያ ትዕግሥቱ አልቆ ነበር። "ወንድሜ፣ ይሄ እኮ ጥርስ መትከል አይደለም!" አለኝ። ሲጨርስ ግን ቀጥ ያለ ቱቦላሬ አጋድመን አየነው። አልጎበጠም። ፊቱ በራ።

አራተኛውን መስመር ጀምረን መብራት ጠፋ። ጠበቅን፣ ቡና ጠጣን፣ ደግመን ጠበቅን። አልመጣም።

ታኅሣሥ 6

መብራት መጣ። የቀረችው አራት ሳንቲም ነበረች። በሩብ ሰዓት አለቀ።

ታኅሣሥ 8፣ ቅዳሜ

ዛሬ ደስ የማይል ነገር ገጠመኝ። አስቀድሜ አውቀው ነበር፤ ግን ሳየው ሌላ ሆነ።

ባሌስትራውን ከሥር አስገብተን በጊዜያዊ ብሎን አሰርነው። በአክስሉ ቱቦና በላዩ በሚያልፈው ሻንሲ መካከል ድሮ 19 ሳንቲም ነበር። አሁን 4.5 ቀረ። ስድስት ኩንታል ሲጫን ባሌስትራው አምስት ሳንቲም ይሰምጣል። እሱን ኅዳር ላይ ለክቼዋለሁ። እንግዲህ ሙሉ ጭነት ላይ ብረት ከብረት ይጋጫል፤ ያውም ገና ጉድጓድ ሳይገባ።

ለዚህ የሚሆን አንድ መንገድ ነው ያለው። ከአክስሉ በላይ ያለውን የሻንሲውን የታች ከንፈር በቅስት ቆርጦ ቦታ መስጠት ነው። ሻንሲው 13 ሳንቲም ቁመት አለው። 5.5 ሳንቲም ልቆርጥለት ነው። ሰባት ተኩል ብቻ ይቀራል። ያውም ሸክሙ ሁሉ በሚያርፍበት ቦታ።

ማታ ወረቀት ላይ ብዙ ሣልኩ። ሻንሲ መቁረጥ ያስፈራል። ሰው ላዩ ላይ እህል ይጭናል፣ ከኋላው መኪና ይከተላል። ከተሳሳትኩ የሚጎዳው እኔ ብቻ አይደለሁም።

አጎቴን ደወልኩለት። አዲስ አበባ ነው። ረጅም ዝምታ ነበር። ከዚያ "መጀመሪያ አጠንክረው፣ ኋላ ቁረጠው" አለኝ። ያቺን ነው የጠበቅኳት።

ታኅሣሥ 13

አጎቴ እንዳለው አደረግን። ከመቁረጣችን በፊት በሁለቱም ጎን ስምንት ሚሊ ላሜራ ለጠፍን። እያንዳንዱ 60 ሳንቲም ርዝመት አለው። ጫፎቹ ቀጥ ብለው አይቆሙም፤ እንደ ዓሣ አፍ ወደ ውስጥ ተጠርበዋል። ቀጥ ያለ ጫፍ ካለው ጥንካሬው በአንድ መስመር ይቋረጣል። ሻንሲው እዚያች መስመር ላይ ይሰነጠቃል። የታችኛውን ከንፈር አግድም አልበየድነውም። አሮጌ መኪና ላይ ስንጥቅ ሲጀምር ያየሁት ሁሌም እዚያ ነው።

ከዚያ ቆረጥን። ቅስቱን በኖራ ሥለን፣ በግራይንደር ተከትለን፣ ዳሩን በሞረድ አለሰለስነው። ማዕዘን የለውም። ማዕዘን ካለ ስንጥቅ ይጠራል። ከ15 ሳንቲም ወፍራም ቧንቧ ላይ ቅስት ቆርጠን ጉድጓዱን ከውስጥ አለበስነው፤ ከሁለቱም የጎን ላሜራዎች ጋር ተበየደ። አሁን ያ ቦታ ክፍት ከንፈር ሳይሆን የተዘጋ ሳጥን ነው። ከላይ ደግሞ በካሶኒው አግዳሚዎች መካከል በሻንሲው ርዝመት ሌላ ቱቦላሬ አስገባን።

ክፍተቱ አሁን አሥር ሳንቲም ነው። ቅስቱ ጣሪያ ላይ ከአሮጌ የከባድ መኪና ጎማ የተቆረጠ 2.5 ሳንቲም ጎማ በብሎን አሰርን። አክስሉ ወጥቶ ቢመታ እንኳ ጎማ ነው የሚመታው። ሰባት ተኩል ሳንቲም መንቀሳቀሻ አለው። ለስድስት ኩንታል ይበቃል። ለሰባት አይበቃም። ሰባት አይጫንበትም። ካሶኒው ጎን ላይ በቀይ ቀለም "6 ኩንታል" ብዬ እጽፋለሁ።

አንድ ጎን ለማጠናቀቅ ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፈጀ። ሁለተኛው እስከ ማታ። እጄ ይንቀጠቀጣል። ደስ ብሎኛል።

ታኅሣሥ 15፣ ቅዳሜ

አዲሶቹ ብሎኖች ገቡ። በመስቀል ነው ያጠበቅናቸው፤ አንዱን ትንሽ፣ ከፊት ለፊቱ ያለውን ትንሽ። አዲስ ቦኮላም ገባ።

ከዚያ ማቃናት። ተሳቢው ከፒክአፑ ጋር ከሚያያዝበት የመጎተቻ ኳስ መሃል እስከ ግራ ጎማ መሃል፣ ከዚያው እስከ ቀኝ ጎማ መሃል ለካን። ሁለቱ እኩል መሆን አለባቸው። የእኛ 11 ሚሊ ልዩነት ነበረው። 11 ሚሊ ምን ያደርጋል የሚል ይኖራል። ተሳቢው እንደ ውሻ በጎን ይሄዳል፤ ጎማውን በጥቂት ወር ይጨርሰዋል። ብሎኑን አላልተን፣ የመቀመጫውን ቀዳዳ በአንድ ጎን ትንሽ ሞረድነው፤ በሌላ በኩል ቀጭን ብረት በየድን። ሁለት ሚሊ ላይ ደረስን። እዚያ ላይ ተውኩት።

ታኅሣሥ 17

ስህተቴን ልጻፍ። ጎማዎቹን አስገብተን ክሪኩን ስናወርድ ተሳቢው ወረደ፤ ወረደና ግራ ጎማው ከፓራፋንጎው፣ ከጭቃ መከላከያው፣ ጋር ሊሳሳም ደረሰ። ግማሽ ሳንቲም ቀረው። ሻንሲውን፣ አክስሉን፣ ብሎኑን ሁሉ ስለካ ፓራፋንጎው ከካሶኒው ጋር አብሮ እንደሚወርድ ረስቼዋለሁ። ካሶኒው 14.5 ከወረደ ፓራፋንጎውም 14.5 ይወርዳል።

ሁለቱንም በግራይንደር አነሳናቸው፤ ከጎን ሳንቃው ላይ 13 ሳንቲም ከፍ አድርገን መልሰን በየድናቸው። ግማሽ ቀን በላ። ዝቅ ለማድረግ የሚነሳ ሰው ይህን መጀመሪያ ይለካ።

የእጅ ፍሬኑን ሽቦም ያኔውኑ አስተካከልኩ። ከድሮው መኪና የቀረ ነው፤ ተሳቢው ብቻውን ሲቆም ይይዘዋል። ጎንደር ላይ ሜዳ መንገድ ፈልጎ ማቆም ቀላል አይደለም። እሱ ባይኖር ድንጋይ ነው የምንተማመነው።

ታኅሣሥ 22፣ ቅዳሜ

የመጎተቻው ክንድ። ከዚህ ሥራ ያልጠበቅሁት በረከት ይሄ ነው።

ድሮ ሻንሲው ተሳቢውን ከምጎትትበት ፒክአፕ ኳስ 16 ሳንቲም ከፍ ይል ስለነበር ክንዱን እንደ ደረጃ ቆርጠን ወደ ታች አውርደን ነበር የበየድነው። ያ መታጠፊያ ሁሌ ያሳስበኝ ነበር። ፍሬን በተያዘ ቁጥር ሸክሙ ሁሉ እሱን ሊያጥፈው ይገፋል። በዓመት አንዴ የፀጉር ያህል ስንጥቅ አይቼ አስበይደዋለሁ።

አሁን ልዩነቱ አንድ ተኩል ሳንቲም ብቻ ነው። አሮጌውን ክንድ ቆርጠን ጣልን። በሁለት ቀጥ ያሉ ወፍራም ቱቦላሬዎች፣ ከሻንሲው ሁለት ጎን ተነስተው ኳሱ ላይ በሚገናኙ፣ አዲስ ሠራን። መታጠፊያ የለውም። ውሃ ልክ ካሶኒው ላይ አስቀመጥኩ፤ አረፋዋ መሃል ላይ ቆመች። ካሶኒው ቀጥ ብሎ ካልተኛ ጭነቱ ወደ አንድ ወገን ይሄዳል። ስለዚህ ኳሱን ተከትሎ ማስተካከል ግዴታ ነው።

የደህንነት ሰንሰለቱን በመስቀል አሰርኩ። ክንዱ ከኳሱ ቢያመልጥ እንኳ ሰንሰለቱ ላይ ያርፋል እንጂ አስፋልቱን አይወጋም።

ታኅሣሥ 26

አንቲረስት ሁለት ዙር። ከገና በፊት ይደርቃል። የኋላ መብራትና ፍሬቻ ገመዱን ወንድሜ ቀየረው። ዲፍረንሻሉ አዲስ ዘይት ተሞላ።

ጥር 3

ሚዛን። አንድ እህል ነጋዴ ግቢው ውስጥ ትልቁን የእህል ሚዛን ፈቀደልኝ። ተሳቢው ባዶውን 420 ኪሎ ነው፤ በመኪና ሚዛን ላይ አስመዝነነዋል። ስድስት ኩንታል ጫንን። 1,020 ኪሎ ሆነ። ክንዱን በኳሱ ከፍታ ሚዛኑ ላይ አሳረፍነው።

71 ኪሎ።

ይሄ ያንሳል። ከጠቅላላው ክብደት ከመቶ አሥር ግድም፣ ወይም ትንሽ ከፍ ያለ፣ ኳሱ ላይ ማረፍ አለበት። ካነሰ ተሳቢው ቁልቁለት ላይ ጭራውን መቁላት ይጀምራል። ፒክአፑንም ይዞት ይወዛወዛል። ከበዛ ደግሞ የፒክአፑን ኋላ ያስቀምጣል፤ የፊት ጎማው ይቀልላል፤ መሪው አይታዘዝም።

ኩንታሎቹን 20 ሳንቲም ወደ ፊት ገፋናቸው። 111 ኪሎ። ልክ ነው። ካሶኒው ወለል ላይ በቀለም መስመር አሰመርኩ፤ የመጀመሪያው ረድፍ ከዚች መስመር ይጀምራል። ጫኞቹ ሚዛን እንዲያስቡ አይጠበቅም። መስመሯን ያያሉ።

ወለሉ ከነጭነቱ 66.5 ነው። ባዶውን 71.5። በወረቀት ላይ የደመርኩት አልዋሸኝም።

ጥር 6፣ ቅዳሜ

ሰሌዳና ቦሎው ተስተካክሎ እስኪያልቅ ከከተማ ወጥቼ ኮረኮንች ላይ ሞከርኩት። መጀመሪያ ባዶውን፣ ቀጥሎ በሦስት ኩንታል፣ ከዚያ በስድስት። ወንድሜ ጎን ለጎን በሞተር እየተከተለ አክስሉን ያይልኛል። በስድስት ኩንታል፣ አንድ ክፉ ጉድጓድ ላይ፣ አክስሉ ጎማውን ነካ። አንዴ ብቻ። የብረት ድምፅ አልነበረም፤ ደብ የሚል የጎማ ድምፅ ነው። ቆሜ ሥሩ ገብቼ አየሁ። ብየዳው ደህና ነው። ቅስቱም ደህና ነው።

ድሮ ኩርባ ላይ ካሶኒው ወደ ውጭ ሲጋደል መስታወት ውስጥ ይታየኝ ነበር። አሁን ተኝቶ ነው የሚከተለኝ።

ጥር 20፣ ቅዳሜ

ለጥምቀት ሥራ አቆምን። ከተማው በእንግዳ ሞልቶ ነበር። ፋሲለደስ መዋኛ አካባቢ እግር መርገጫ አልነበረም። ትናንት ቦሎው አለቀ። ከጠዳ ጤፍ ጭኜ ተመለስኩ።

ዛሬ ቅዳሜ ገበያ ወሰድኩት። አራት ኩንታል ነበር የሚጫነው። ሽማግሌው ከወዲያ ሆነው አዩኝ። ተሳቢውን ግን ወዲያው አላወቁትም መሰለኝ። ኩንታሉን ተሸክመው መጡ። ዞሩ። ጀርባቸውን ሰጡ። ትንሽ ወደ ኋላ ዘንበል አሉ፤ ኩንታሉ ወለሉ ላይ አረፈ። ማንም አልጎተተም፤ ማንም አልገፋም። እጃቸውን ከጆንያው ለቀቁና ቀና ብለው ወለሉን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት።

"አሳጠርከው?" አሉኝ።

"አዎ አባባ። ያኔ የለካሁት ለዚህ ነው።"

ሁለተኛውን ሊያመጡ ሄዱ። አራቱንም ብቻቸውን ጫኑት። የመጨረሻውን ሲያሳርፉ "እግዜር ይስጥህ፣ የኔ ልጅ" አሉኝ።

ወደ ቤት ስመለስ ከሙከራው ጀምሮ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ሞላ። አዲስ ብሎን ከመጀመሪያው ሃምሳ፣ መቶ ኪሎ ሜትር በኋላ ትንሽ ይላላል። ነገ ጠዋት ከሥሩ ገብቼ የብሎኖቹን ማሰሪያ፣ ስምንቱንም ዳዶ፣ ደግሜ አጠብቃለሁ። የቀኙ የውስጥ ዳዶ ከአሁኑ ሩብ ዙር የሚቀበል ይመስለኛል።